አሸዋ ያዳናት ከተማ
(በራዲዮ ከተሰጠ ትምህርት የተወሰደ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሃ ማጣሪያ ነው። የሻይ ማጥለያ ወይም የጠጅ ማጥለያ ጨርቅ ማለቴ አይደለም። የአንድ ከተማ ሕዝብ በሙሉ የሚጠጣውን ውሃ ስለሚያጠራ ትልቅ መሣሪያ ነው የምነግራችሁ። መሣሪያ ስላችሁ ጥርስ ያለው፣ የሚሽከረከር፣ የሚጮህ ሞተር አይታያችሁ። አሸዋ ነው። በገንዳ ውስጥ የተደለደለ አሸዋ።

አሸዋ ደግሞ ምን ታሪክ አለው ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ብዙ ሕዝብ አድኗል። እሱ ባልነበረበት ቦታ ደግሞ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ታሪኩ የተፈጸመው በፈረንጅ አገር ስለሆነ ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። የእኛን ለማግኘት 7 ወይም 8 ዓመት ቀንሱ። ለመቀነስ ልምምድም ይሆናችኋል።

ነገሩ የሚጀምረው በስኮትላንድ ነው። ፔዝሊ በምትባል ከተማ ጆን ጊብ የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ጨርቅ ማንጣት ነው። ጨርቅ ለማንጣት ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል፤ በደፈረሰ ውሃ የታጠበ ነጭ ጨርቅ ምን እንደሚመስል የምታጥቡ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጊብ በ1804 ውሃውን በጠጠርና በአሸዋ ውስጥ እያሳለፈ ማጥራት ጀመረ። ከሥራው የተረፈውን ደግሞ በርሜል ሞልቶ በጋሪ እያዞረ ለከተማው ሰው ሸጠ። ልብ በሉ፤ ይህ ማጣሪያ መጀመሪያ የተሠራው ለሰው ተብሎ አይደለም። ለጨርቅ ነው። ሰው የደረሰው ትርፉ ነው።

ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1829፣ ጄምስ ሲምፕሰን የሚባል መሐንዲስ በለንደን ከተማ ለቼልሲ የውሃ ኩባንያ ትልቅ ማጣሪያ ሠራ። ስፋቱ 4 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ነበር። ሲምፕሰን ዝም ብሎ አልገነባም። አስቀድሞ አገር ለአገር እየዞረ ሌሎች የሠሩትን አየ። ከዚያ በትንሹ ሠርቶ ሞከረ። እኔ ይህን ሰው የምወደው ለዚህ ነው።

አሁን ማጣሪያውን በዓይነ ኅሊናችሁ እንሥራው። መጀመሪያ ሰፊ ገንዳ አለ። ከታች በኩል ውሃ የሚወጣበት ቦይ ተዘርግቷል። በቦዩ ላይ ትልልቅ ጠጠር ይደረጋል። በዚያ ላይ መካከለኛ ጠጠር። ቀጥሎ ደቃቅ ጠጠር። ከሁሉ በላይ የታጠበ ንጹሕ አሸዋ፣ ወደ 1 ሜትር ከፍታ ድረስ ይደለደላል። ከዚያ ውሃው ከላይ ይለቀቅና በአሸዋው ላይ ይተኛል። ቀስ እያለ ይሰርጋል። እንዴት ቀስ? በ1 ሰዓት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ነው። ከዚህ ማጣደፍ ጥሩ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኮሌራን የምታመጣው ጀርም ከአንድ የአሸዋ ቅንጣት ከ100 ጊዜ በላይ ታንሳለች። በዓይን አትታይም። በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለው ቀዳዳ ለእሷ እንደ ሰፊ የግቢ በር ነው። ታዲያ እንዴት ትያዛለች?

መልሱ ያስደንቃል። ብልሃቱ ያለው በአሸዋው ብቻ አይደለም፤ በአሸዋው ፊት ላይ ነው። የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ስልባቦት ይይዛል አይደል? ማጣሪያውም እንደዚያው ነው። ውሃው ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ሲያልፍበት በአሸዋው ፊት ላይ ስስ፣ ዝልግልግ ያለ ሽፋን ይይዛል። ይህ ሽፋን ሕይወት አለው። በውስጡ የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት በውሃው የሚመጡትን ጀርሞች ይይዛሉ፤ ይበላሉ። የቀሩትም ወደ ታች ሲሄዱ ከአሸዋው ጋር ይጣበቃሉ፤ የሚበሉት አጥተው ይሞታሉ። እንግዲህ ማጣሪያው ወንፊት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጀርምን በጀርም የሚያስበላ ሕይወት ያለው ነገር ነው።

ሲምፕሰን ይህን አያውቅም ነበር። እሱ የፈለገው ጭቃውን ማስቀረት ነው። ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለው ትምህርት በዓለም የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሳያውቁት የሠሩት ሥራ ካወቁት ይበልጥ ጠቀመ።

ጽዳቱንም ልንገራችሁ። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ውሃው መውረድ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ገንዳው እንዲጎድል ይደረጋል። ሠራተኞች አካፋ ይዘው ይገቡና ከላይ ያለውን አሸዋ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይገፍፋሉ። የተገፈፈው ታጥቦ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። ገንዳው እንደገና ሲሞላ የመጀመሪያው ውሃ ለሰው አይሰጥም፤ ይደፋል። ለምን? አዲሱ ሽፋን ገና አልያዘማ! ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1852 ሕግ አወጣ። የለንደን የውሃ ኩባንያዎች ከቴምስ ወንዝ ለቤት የሚሰጡትን ውሃ በ1855 መጨረሻ ግድ አጣርተው እንዲሰጡ አዘዘ። በመካከሉ፣ በ1854፣ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም በለንደን ኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት ለቤት ቆጠረ። ከቴምስ የላይኛው ክፍል ንጹሕ ውሃ የሚያገኙ ቤቶችና ቆሻሻ ከሚወርድበት ክፍል የሚቀዳ ውሃ የሚያገኙ ቤቶች እጅግ የተለያየ ሞት ነበረባቸው። ከ10 ሺህ ቤት በአንደኛው ወገን 37 ሰው፣ በሌላው ወገን 315 ሰው ሞቶ ነበር። ስኖው ኮሌራ በውሃ ይመጣል አለ። ብዙ የተማረ ሰው ግን አላመነውም። በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታና ከአየር ነው ይባል ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልውሰዳችሁ።

በጀርመን አገር ኤልበ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ። በዚህ ወንዝ ዳር በዚያ ዘመን ሁለት ከተሞች ጎን ለጎን ነበሩ። አንደኛዋ ሐምቡርግ ናት። የነጋዴዎች ከተማ፣ ሀብታም፣ ትልቅ ወደብ ያላት። ሁለተኛዋ አልቶና ትባላለች። ሁለቱ በጣም ከመጠጋጋታቸው የተነሣ ድንበራቸው በአንዳንድ ቦታ አንድ መንገድ ብቻ ነበር። በዚህ በኩል ያለው ቤት የሐምቡርግ፣ ማዶ ያለው ቤት የአልቶና። አየሩ አንድ፣ መሬቱ አንድ፣ ገበያው አንድ። የሚለያቸው የሚጠጡት ውሃ ነበር።

ሐምቡርግ ውሃዋን የምትቀዳው ከኤልበ ወንዝ፣ ከከተማው በላይ በኩል ነበር። ይህ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ኤልበ ከባሕር አጠገብ ስለሆነ የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ሲነሣ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የከተማው ቆሻሻ ተመልሶ ወደ መቅጃው ይመጣ ነበር። የውሃውን ሥራ የሠራው ሊንድሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ከተማዋ በ1842 በእሳት ከተቃጠለች በኋላ የተሠራ ነው። በዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር። ውሃው በገንዳ ተኝቶ እንዲጠል ይደረጋል፤ ከዚያ በቧንቧ ወደ ቤት ይሄዳል። ማጣሪያ ግን የለም። ከተማዋ ስታድግ ውሃው ለመጥለልም ጊዜ አጣ። በ1885 አንድ የእንስሳት ሊቅ በከተማዋ ቧንቧዎች ውስጥ ምን እንደሚኖር አጥንቶ አሳትሟል። ቀንድ አውጣ፣ ትል፣ ዓሣ ሳይቀር በቧንቧው ውስጥ ይኖር ነበር!

ማጣሪያ ይሠራ የሚል ሐሳብ አልቀረበም ማለት አይደለም። ቀርቧል። የከተማዋ ሹማምንትና ባለንብረቶች ግን ገንዘቡን ማን ይክፈል፣ ለየቤቱ ቆጣሪ ይግባ አይግባ እያሉ ለዓመታት ሲከራከሩ ኖሩ። በመጨረሻ ተስማምተው ሥራው ተጀመረ። ግን ሳያልቅ ጊዜው ደረሰ።

አልቶናስ? አልቶና ዕድሏ የባሰ ይመስል ነበር። ውሃዋን የምትቀዳው ከወንዙ የታችኛው ክፍል ነው። ከ700 ሺህ በላይ የሆነው የሁለቱ ከተሞች ሕዝብ ቆሻሻ ወንዙ ውስጥ ከገባ በኋላ ማለት ነው። ከዚህ የከፋ ውሃ ከየት ይመጣል? ግን አልቶና ከ1859 ጀምሮ የአሸዋ ማጣሪያ ነበራት።

በነሐሴ 1892 ኮሌራ ሐምቡርግ ገባ። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1884 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ እኛ አገር ክፉ ቀን የሚባለው የረሃብ ዘመን ሊያበቃ አካባቢ። የከተማዋ ሹማምንት መጀመሪያ በሽታው ኮሌራ ነው ለማለት አመነቱ። ወሬው ከወጣ መርከብ ይቀራል፣ ንግድ ይቆማል ብለው ፈሩ። በዚህ መካከል ቧንቧው በየቤቱ ጀርሙን ያድላል። ከበርሊን ሮበርት ኮኽ የተባለው ዝነኛ ሐኪም መጣ። የኮሌራን ጀርም በ1883 እና በ1884 በግብፅና በሕንድ አጥንቶ ያሳወቀው እሱ ነው። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ተብሎ ታወጀ። የፈላ ውሃ በበርሜል በጋሪ እየተጫነ በየሰፈሩ ታደለ። ያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው ታሟል።

በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሐምቡርግ ወደ 17 ሺህ የሚጠጋ ሰው ታመመ። ከ8,500 በላይ ሞተ። ከሁለት በሽተኛ አንዱ ማለት ነው። ይበልጥ የተጎዱት ደግሞ በወደቡ አካባቢ በተጨናነቁ ጠባብ ቤቶች የሚኖሩት ሠራተኞች ናቸው። ሀብታሙ ውሃውን የሚያፈላለት አገልጋይ ነበረው፤ ወይም ከተማውን ጥሎ ሄደ።

በአልቶና የሞተው ወደ 300 ሰው ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሽታውን ያገኙት ሐምቡርግ ሲሠሩ ውለው ነው። የአልቶና ሕዝብ ከሐምቡርግ ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህል መሆኑን ብናስብ እንኳ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው።

ኮኽ በድንበሩ መንገድ ላይ ያየውን ስሙ። በመንገዱ በአንደኛው ወገን፣ በሐምቡርግ በኩል፣ በየቤቱ ለቅሶ ነው። በሌላው ወገን፣ በአልቶና በኩል፣ ደህና ናቸው። ከዚህ የሚበልጥም አለ። በሐምቡርግ መሬት ላይ የተሠራ፣ ብዙ የሠራተኛ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ግቢ ነበር። ለቧንቧ አዘረጋግ ስለተመቸ ውሃው የሚመጣለት ከአልቶና ነው። በዙሪያው ሰው ሲረግፍ ያ ግቢ ከኮሌራ ነፃ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ አየር ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳን! አየር የከተማ ድንበርና የቧንቧ መስመር እየለየ አይነፍስም።

እንዲህም ሆኖ ያላመነ ሊቅ ነበር። ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ይባላል። በሙኒክ ከተማ የታወቀ የጤና አጠባበቅ መምህር ነው። ጀርሙ ብቻውን ኮሌራ አያመጣም፤ የአፈሩና የቦታው ሁኔታ ነው የሚያመጣው ይል ነበር። አመኑኝ ብሎ በጥቅምት 1892 ከኮሌራ በሽተኛ የተገኘ ጀርም ያለበትን ፈሳሽ ጠጣ። ዕድሜው 73 ዓመት ነበር። ትንሽ ተቅማጥ ያዘውና ተሻለው። ከረዳቶቹ አንዱም ጠጥቶ ከእሱ ይበልጥ ታመመ፤ ግን ዳነ። ፔተንኮፈር ረታሁ አለ። በአንድ ሰው ሆድ የተደረገ ሙከራ ግን የ8,500 ሰው መቃብር አይሽርም። ኮሌራ የዋጠው ሁሉ እንደማይሞት ዛሬ እናውቃለን። ፔተንኮፈርን ክፉ ሰው ነበር ለማለት አይደለም፤ ሙኒክ ንጹሕ ውሃና የቆሻሻ ማስወገጃ እንድታገኝ ብዙ የደከመ ሰው ነው። በዚህ ነገር ግን ተሳስቷል።

ሐምቡርግ ያላለቀውን ማጣሪያ ቀንና ሌሊት አሠርታ በ1893 ሥራ አስጀመረችው። ካልተሆፈ በምትባል ደሴት ላይ ነው የተሠራው።

ቆዩ፤ አልቶናም አንድ ጊዜ ተደናቅፋለች። በዚያው ክረምት፣ በ1893 መጀመሪያ ላይ፣ ብርዱ ጠና። ማጣሪያዎቹ ክዳን አልነበራቸውም፤ በረዶ ያዛቸው። በዚያ ብርድ ከጸዱት ገንዳዎች አንዱ አሸዋው ደርቆ ቀዝቅዞ ስለነበር ውሃውን በደንብ ሳያጠራ አሳለፈ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ሽፋን የለማ! በአልቶናም ኮሌራ ታየ። ኮኽ ይህን መርምሮ ለማጣሪያ የሚሆን ደንብ ጻፈ። ውሃው በሰዓት ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይወርድ፣ ከየገንዳው የሚወጣው ውሃ በየቀኑ እንዲመረመር፣ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከ100 በላይ ጀርም ከተገኘ ለሰው እንዳይሰጥ። ውሃ በዓይን ታይቶ ንጹሕ ነው መባሉ ቀርቶ በቁጥር መለካት የተለመደው ከዚህ ወዲህ ነው።

እኛ በማሠልጠኛችን ለዕጩ መምህራን ይህን በጀሪካን እናሳያለን። የጀሪካኑን ቂጥ ቆርጠን፣ ዘቅዝቀን፣ ጠጠርና አሸዋ እንሞላለን። የደፈረሰ ውሃ ስናፈስበት ኩልል ብሎ ይወርዳል። ሁልጊዜ ብርጭቆ የሚያነሣ አይጠፋም። ሁልጊዜም እጁን እንይዛለን። አዲስ አሸዋ ጭቃ እንጂ ጀርም አያስቀርምና።

ከአሸዋው ቀጥሎ የመጣው ክሎሪን ነው። በረኪና የምንለው ነገር ዘመድ። እዚህ ላይ ጨርቅ የሚያነጣው ጆን ጊብ ትዝ ይበላችሁ፤ ይህም መጀመሪያ የጨርቅ ማንጫ ነበር። በ1897 በእንግሊዝ አገር ሜድስተን በምትባል ከተማ የተስቦ በሽታ ገብቶ ወደ 1,900 የሚጠጋ ሰው ሲያም፣ የውሃው መስመር በዚህ ዱቄት ታጠበ። በ1905 በሊንከን ከተማ፣ በዚያው አገር፣ ተስቦን ለማቆም ክሎሪን ሳይቋረጥ ከውሃው ጋር ይደባለቅ ጀመር።

በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ታሪክ ትንሽ ያስቃል። ከተማዋ የምትገዛው ውሃ ንጹሕ አይደለም ብላ ውሃ አቅራቢውን ኩባንያ ከሰሰች። ዶክተር ጆን ሊል የኩባንያው አማካሪ ነበር። በመስከረም 1908 ማንንም ሳያስፈቅድ ለከተማው በሚሄደው ውሃ ላይ ክሎሪን ጨመረ። መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ለ1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በፍርድ ቤት መርዝ ለሕዝብ ታጠጣለህ ወይ ተባለ። አንተስ ትጠጣዋለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ እጠጣለሁ አለ፤ ለቤተሰቡም ለመስጠት እንደማይፈራ ተናገረ። ፍርዱ ለእሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተከተሉት። አሳቡ ትክክል ቢሆንም ሳያስፈቅድ ማድረጉን እኔ አልወደውም። ሕዝብ የሚጠጣውን ማወቅ ይገባዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኮሌራ እኛንም በታሪክ ብዙ ጊዜ ጎብኝቶናል። በ1866 በጣና ዳር፣ በቆራጣ የሰፈረውን የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ፈጅቷል። ያን ጊዜ የነበረው መላ ሰፈር መልቀቅ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ዛሬ ከሚጠጣው ውሃ አንዱ የለገዳዲ ነው። ለገዳዲ በ1970 ሥራ ጀመረ። የለገዳዲ ውሃ በተለይ በክረምት እንደ ጭቃ የደፈረሰ ነው። አፈሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ውሃው ለብዙ ቀን ቢቀመጥም አይጠልም። ስለዚህ አሉሚኒየም ሰልፌት የሚባል እንደ ጨው ያለ ነገር ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ጭቃው እንደ እርጎ ይቋጠርና ከታች ይዘቅጣል። የቀረው በአሸዋ ያልፋል። ይህ አሸዋ ከአልቶናው የተለየ ነው፤ ውሃውን ብዙ ጊዜ እጥፍ አፍጥኖ ያሳልፋል። ሲቆሽሽም በአካፋ አይገፈፍም፤ ውሃ ከታች ወደ ላይ በኃይል ተለቆበት ይታጠባል። ፈጣን ስለሆነ ስልባቦቱ የለውም። ስለዚህ ክሎሪን መጨመር ግድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከቧንቧችሁ የሚሸታችሁ እሱ ነው።

ቧንቧ ላልደረሳችሁስ? የአልቶና ብልሃት ለቤት የሚሆን ልጅ ወልዷል። በ1990ዎቹ ዓመታት ዴቪድ ማንዝ የተባለ የካናዳ መምህር ከሲሚንቶ የሚሠራ፣ ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ የቤት ማጣሪያ አወጣ። በአገራችን ገጠርም በአንዳንድ ቦታ ታድሏል። አሠራሩ ያው ነው፤ ጠጠር፣ ደቃቅ ጠጠር፣ አሸዋ። ልዩነቱ መውጫው ቧንቧ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ መታጠፉ ነው። ስለዚህ ውሃ ባትጨምሩበትም በአሸዋው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሁልጊዜ ይቀራል። ስልባቦቱ አይደርቅም፤ አይሞትም። ካላችሁ በየቀኑ ውሃ ጨምሩበት። ከተተከለበት አታንቀሳቅሱት። ሲጀመር ሽፋኑ እስኪይዝ 3 ወይም 4 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ የሚወጣውን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ከያዘም በኋላ ቢሆን ማፍላት ወይም ክሎሪን መጨመር ይመረጣል። የተጣራውን የምትቀዱበት ጀሪካን ደግሞ ከወንዝ የምትቀዱበት ጀሪካን አይሁን፤ ሁለቱን በቀለም ለዩአቸው።